ከባሕር ማዶ የመጣው አውሬ

በዚህ ዓመት በክፍላችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየ አንድ የሥዕል መጽሔት ነበረ። ሽፋኑ ተላጧል፤ ከመካከሉም ሁለት ቅጠል ጎድሎታል። ታሪኩ ከሌላ ዓለም ስለ መጣ ሰው ፈጂ ፍጡር ነው። አንድ ቀን ከመምህራኖቻችን አንዱ መጽሔቱን ከጠረጴዛ ላይ አንሥተው ገለጥ ገለጥ አድርገው ካዩት በኋላ፣ ሳይቆጡ፣ «ለመሆኑ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ያን ጊዜ አፍ አውጥቶ የመለሰ አልነበረም። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ ግን ያ ጥያቄ ትዝ ስላለን መልሱን በዚህ ለማቅረብ አሰብን። ርእሱ የልጅ ጨዋታ የሚመስላቸው ወላጆችም ሆኑ መምህራን ጥቂት እንዲታገሡን በትሕትና እንለምናለን።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚናገረው ኮሚክ የተባለው መጽሔት በአሜሪካ አገር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዊልያም ጌይንስ የተባለ አሳታሚ ስለ ጠፈርና ስለሚያስፈራ ነገር የሚተርኩ መጽሔቶችን ማውጣት ጀመረ። ልጆች ተሻሙበት፤ ወላጆች ግን ደነገጡ። ነገሩ እስከ አገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ደርሶ በ1954 ጌይንስ በአንድ ንኡስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ፤ የጌይንስም አስፈሪ መጽሔቶች ቀሩ። እንግዲህ የመምህራችን ጥያቄ እኛ ከመወለዳችን ብዙ ዘመን አስቀድሞ የተጠየቀ ነው ማለት ነው።

ዳሩ ግን አስፈሪው ፍጡር ደንብ ስለ ወጣበት አልሞተም። በ1979 «ኤሊየን» የተባለው ፊልም ወጣ፤ በ1988 ደግሞ ዳርክ ሆርስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ታሪኩን በኮሚክ ይቀጥለው ጀመር። ይህን ታሪክ ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው የፍጡሩን ጥርስ ነው። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ ነበርን። ደጋግመን ባነበብነው ቁጥር ግን ዓይናችን በሌላ ነገር ላይ ማረፍ ጀመረ። በፊልሙ ውስጥ የመርከቧ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ፍጡሩን ለጦር መሣሪያ ሊያደርገው ይመኛል፤ ስለዚህም የሠራተኞቹ ነፍስ ቢጠፋም እንኳ ፍጡሩ እንዲመጣለት በስውር ያዛል። በኮሚኩም እንደዚሁ ትርፍ ፈላጊዎች ወደ ምድር ያመጡታል፤ በመጨረሻም ሰዎች ምድርን ጥለው ይሸሻሉ። ፍጡሩ የሚያደርገው ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው፤ በሩን የሚከፍትለት ሰው ነው።

ታሪክን በተርታ ሥዕል መናገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ሠዓሊዎች እጅ ሲሣል የኖረው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአርባ አራት ትናንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ፣ በየሥዕሉም የአማርኛ ቃል ተጽፎበት፣ እንደ መጽሐፍ በተራ የሚነበብ ነው። የውጭ አገር ሰው ቢያየው ኮሚክ ነው ቢል አይፈረድበትም። የሚጀምረውም ከንግሥቲቱ ሳይሆን ከዘንዶ ነው። እንደ አፈ ታሪኩ፣ አርዌ የተባለ ዘንዶ አራት መቶ ዓመት ነግሦ ሕዝቡ ከብቱንና ድንግል ልጁን ይገብርለት ነበር። አጋቦስ የተባለ ሰው (አንጋቦ የሚሉትም አሉ) መጥቶ፣ ብገድልላችሁ ታነግሡኛላችሁን ብሎ ቃል ካስገባ በኋላ፣ መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ዘንዶውን ገደለው። ነገሠም፤ ልጁም ንግሥተ ሳባ ሆነች ይባላል። እዚህ ላይ እኛን ያሳቀን ነገር አለ፤ ይኸውም አጋቦስ መርዙን ከመቀመሙ በፊት የዘውዱን ነገር መጨረሱ ነው። ተራኪዎቹ ይህን አለመደበቃቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ዘንዶ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ይታያል። ራስና ጅራት አለው፤ ፍየል አብልቶ የሚገድለውም ሰው ይገኛል።

ስለማይታየው ጠላት ያሰበው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው። በ1898 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» በተባለው መጽሐፉ፣ ከማርስ የመጡ ፍጡራን በእንግሊዝ አገር ወርደው ሕዝቡን ሲፈጁ መድፍም ሠራዊትም አልመለሳቸው ይላል። በመጨረሻ የገደሏቸው ሰውነታቸው ያልለመዳቸው ጥቃቅን ተሐዋስያን ናቸው። ዌልስ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አውሮፓውያን በታስማንያ ደሴት ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት ያነሣል፤ ይህን ማድረጉ አንባቢው የሚፈራውን ነገር የገዛ ወገኑ በሌላው ላይ እንዳደረገው ለማስታወስ ይመስለናል። ስለዚህ ቅንነቱ እናከብረዋለን። በአንድ ነገር ግን ታሪኩ ከእውነተኛው ዓለም ተገላብጧል። በእርሱ ልብ ወለድ ተሐዋስያኑ ለአገሬው ወግነው ወራሪውን ይገድሉለታል። እርሱ መጽሐፉን ከማሳተሙ ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ በእኛ አገር በሆነው ነገር ግን ተሐዋሲው ከወራሪው ጋር መጣ፤ ያለቀውም አገሬው ነው።

ጣሊያን ምጽዋን የያዘው በ1877 ዓ.ም. ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ጦሩን በዶጋሊ ስለ ደመሰሱበት፣ ቂሙን ለመወጣት ብዙ ሠራዊት በመርከብ ወደ ምጽዋ ማጓጓዝ ጀመረ። ሠራዊት ደግሞ ሥጋ ይበላል። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ጣሊያኖች ከሕንድ አገር ባስመጧቸው ከብቶች ውስጥ በሽታው እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የበሽታው ስም በቋንቋችን ደስታ ይባላል። ለምን እንዲህ ያለ ስም ወጣለት ብሎ አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ እኛ እንደሚመስለን ክፉውን በክፉ ስሙ መጥራት የሚፈራ ሰው ያወጣለት ስም ነው።

ደስታን የሚያመጣው ተሐዋሲ የኩፍኝ ዘመድ ነው። ከብቱን ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ አፉ ይቆስላል፤ ከዚያም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። በእስያ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ የዚያ አገር ከብት በመጠኑ ለምዶታል። የእኛ አገር ከብት ግን አያውቀውም ነበርና መከላከያ አልነበረውም። በሽታው ከምጽዋ ተነሥቶ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ፣ ከዚያም ወደ ደቡቡ አገር ወረደ። ከአገሩ ከብት ከመቶ ዘጠናው እንዳለቀ ይገመታል። ጎሹም በዱር እንዳለ አልቀረለትም። በዚህም ሳያበቃ በምሥራቅ አፍሪካ አቋርጦ በ1897 በአውሮፓ አቆጣጠር በአህጉሩ ጫፍ እስካለው እስከ ኬፕ አገር ደረሰ።

የኮሚክ ሠዓሊ ይህን እንዴት አድርጎ ይሥለው ነበር? ጥርስና ጥፍር ያለው አውሬ የለውም። ቢሥል ባዶ በረት ይሥላል፤ ከጎጆው ማገር ላይ የተሰቀለ ቀንበር ይሥላል። በከተማ ያደግን ልጆች ላናስተውለው እንችላለን እንጂ ለገበሬ በሬ ማለት እጅና እግሩ ነው። በሬው የሞተበት አላረሰም፤ ያላረሰ አላጨደም። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች መጣ፤ አይጥም የተረፈውን እህል ፈጀ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ያለው ይህ ዘመን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን በሚባል ስም ይታወቃል። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሕዝቡ የኃጢአታችን ቅጣት ነው ብሎ ምሕላ ያዘ፤ በኦሪት ዘጸአት በግብፅ ከብቶች ላይ የወረደውን ቸነፈር ላነበበ ሰው ይህ የሚያስገርም አይደለም። አጼ ምኒልክም ሕዝቡ ያለ በሬ መቆፈርን እንዲለምድ ብለው በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ፣ ሕዝቡ እየተራበ እኔ አልበላም ብለውም የበሬ ሥጋ እንደ ተዉ ተጽፏል። ስለ ዐድዋ ድል ስንማር ይህን አብረን ብናስብ መልካም ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሕዝብ ከክፉ ቀን ከወጣ ገና ዐራት ዓመቱ ነበር።

በዚያ ሁሉ እልቂት መካከል የሰው ምኞት አላረፈም። አጼ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ጣሊያን ወደ ደጋው ወጥቶ አሥመራን ያዘ፤ በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛቱን ኤርትራ ብሎ ሰየመ። ከዚያም የራሱን ገበሬዎች ለማስፈር መሬት መውረስ ጀመረ። ከብቱ ያለቀበትና ባለቤቱ በረኀብ የተሰደደበት ማሳ ባለቤት እንደሌለው ተቆጠረ። ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ በ1887 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ እንዲነሡ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመሬት መውረስ ነው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ጣሊያን በሽታውን ሆን ብሎ አመጣው ይላሉ። እኛ አንልም፤ ጠላትም ቢሆን በሐሰት ሊከሰስ አይገባውም። በፊልሙ ያለው ኩባንያ ፍጡሩን አውቆ ፈልጎታል። በምጽዋ የነበረው ሹም የፈለገው ግን ለወታደሩ ሥጋ ብቻ ነው። እኛን ከኮሚኩ አብልጦ ያስፈራን ይኸኛው ነው።

ለደስታ መጨረሻ የተገኘለት በብዙ ድካም ነው። በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ አገር የተሻለ ክትባት ሠራ። ከአቃቂ በአዳማ መንገድ ወርደን በምናገኛት በቢሾፍቱም በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የእንስሳት ጤና ተቋም ለአገራችን ከብት ክትባት ሲያመርት ኖሯል። በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር በሽታው ከምድር መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። (በዚያው ዓመት ያ በ1954 የወጣው የኮሚክ ደንብም የሚከተለው አሳታሚ አጥቶ ቀረ፤ ይህ አጋጣሚ ነው፤ እኛን ግን ደስ ብሎናል።) ከከብት ይጥፋ እንጂ ተሐዋሲው ራሱ በጥቂት አገሮች ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። በእንግሊዝ አገር ያለው የፒርብራይት ተቋም በእጁ የነበረውን በ2019 አጥፍቷል። ሌሎቹ የያዙት ለምርምር ይጠቅማል በሚል ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ ያ ሽፋኑ የተላጠ መጽሔት ትዝ አለን።

ስለ አቃቂ ሳንናገር ብንጨርስ የሰፈራችን ሰው ይታዘበናል። ታላቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን እድፍ ተሸክመው የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ በአገራችን ከተሠሩት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዛሬ በውሃው ላይ እምቦጭ ተኝቶበታል። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ አገር ለአገር ያዞረው አበባው ስላማረው እየነቀለ የወሰደው ሰው ነው። በኢትዮጵያ በ1965 በአውሮፓ አቆጣጠር በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ እድፍ ደግሞ ይመቸዋል።

ባለፈው ዓመት ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ወደ ግድቡ ሄደን ነበር። ውሃው ሜዳ መስሎ፣ ወፎች በላዩ እየተራመዱበት አየን። ስንመለስ አንዱ ጓደኛችን ወደ ኋላ ቀረ። ብንጠብቀው፣ ሐምራዊ አበባ ያወጣ አንድ እምቦጭ ከነሥሩ ነቅሎ፣ በጣሳ ውሃ ቀድቶ በውስጡ አስቀምጦ ይዞ መጣ። ለምንድን ነው ብንለው፣ ለእናቴ ነው፣ በደጃችን ባለው በርሜል ውስጥ አኖረዋለሁ፣ አበባው ያምራል፣ አለን። በመንገድ ላይ ስንከራከር ቆይተን ከዋናው አስፋልት ስንደርስ ጣሳውን ከእጁ ወስደን ተክሉን በደረቅ መሬት ላይ ደፋነው። እስከ ዛሬ ተቀይሞናል።