ጾምና ጨው በቡልጋርያ ማዕድ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ የሚገኘው በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ብቻ አይደለም፤ በጓዳውና በማዕዱም ተጽፎ ይኖራል። የቡልጋርያን ሕዝብ የደረቀ ሥጋ አሠራር የመረመረ ሰው ይህን ያስተውላል።

የቡልጋሮች ንጉሥ ቦሪስ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ866 ዓ.ም. ጥያቄ አስይዞ ወደ ሮማ መልእክተኞች ሰደደ። ከጥያቄዎቹም መካከል በዓመት ውስጥ ከሥጋ የሚከለከሉባቸው ቀኖች ስንት እንደ ሆኑ፥ ለክርስቲያንም የትኛው እንስሳ እንደሚፈቀድ የሚሉ ነበሩባቸው። ፓፓ ኒቆላዎስ ቀዳማዊ በ106 ምዕራፍ መልስ ሲጽፍ የጾሙን ጊዜ ለይቶ ነገራቸው፤ ስለ እንስሳው ግን ሰውነትን የማይጎዳውን እንዲበሉ ፈቀደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በ870 ቤተ ክርስቲያናቸው ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰች። ስለዚህ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ የማይበላው የእሪያ ሥጋ በእነርሱ ዘንድ የበዓል ምግብ ሆኖ ቢገኝ አንባቢ አይደነቅ፤ ከልደት በፊት መጾም ግን የጋራችን ነው።

የእነርሱ የልደት ጾም 40 ቀን ነው። ገበሬውም እሪያውን የሚያርደው በዚሁ በልደት ሰሞን፥ ብርዱ በጸና ጊዜ ነው። በባልካን ተራራ ባለችው በኤሌና ከተማ ጭኑን ሙሉውን በጨው አሽተው በበርሚል ውስጥ 40 ቀን ያህል ያስቀምጡታል፤ ከዚያም ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይሰቅሉታል። ጨው ከሥጋው ውኃውን ይስባል፤ ያለ እርጥበትም መበስበስ የለምና ሥጋው ለወራት ይቆያል።

ሉካንካ የሚባለው ደግሞ የእሪያና የከብት ሥጋ ተከትፎ፥ በጨው፥ በቁንዶ በርበሬና በከሙን ተለውሶ በአንጀት ይሞላል። ተሰቅሎ ጥቂት ሲጠወልግ በሁለት ሳንቃ መካከል ይጫናል፤ እንደ ገናም ይሰቀላል፤ ይህም እየተመላለሰ ይደረጋል። የሚቸኩል ሰው ሥራውን ያበላሻል፤ ውጭው ፈጥኖ ከደረቀ የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣልና።

ስሞቹም ምስክሮች ናቸው። ሉካንካ፥ በደቡብ ኢጣልያ ከነበረችው ከሉካንያ አውራጃ ስም ከወጣ የሮማውያን ቃል የመጣ ነው። ሱጁክና ፓስተርማ የቱርክ ቃላት ናቸው፤ ቱርኮች አገሩን ከ1396 እስከ 1878 ገዝተውታልና። ሥጋው በስሱ ተቈርጦ ከአይብ ጋራ በትንንሽ ሳሕን ራኪያ ከሚባለው አረቄ ጋራ ሲቀርብ ሜዜ ይሉታል፤ ይህም ስም ከፋርስ በቱርክ በኩል የደረሰ ነው። ገዦቹ ሄዱ፤ ቃላቸው ግን በማዕድ ቀረ።

በ2011 የኤውሮፓ ኅብረት የጎርና ኦርያሆቪጻን ሱጁክ ስም በሕግ ጠበቀለት። ዳሩ ግን በ2019 የአፍሪቃ የእሪያ ወረርሽኝ በአገሩ በተስፋፋ ጊዜ በብዙ መንደር በየቤቱ የሚረቡት እሪያዎች እንዲወገዱ ታዘዘ። ሕግ ስምን ይጠብቃል፤ እናት ለልጅዋ የምታስተላልፈውን የእጅ ጥበብ ግን ሊጠብቅ አይችልም። ይህ የሚጠበቅ በቤት ውስጥ እየተሠራ ሲኖር ብቻ ነው።

የተማረ ሰው ይህን የሆድ ወሬ ነው ብሎ አይናቀው። በጨው ውስጥ 40 ቀን የሚቆይ ሥጋ ሠሪውን መታገሥን ያስተምረዋል፤ ጾምም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። እኛም ቋንጣችን እንዴት እንደሚዘለዘልና እንደሚሰቀል እናቶቻችንን ጠይቀን፥ ከአፋቸው የሰማነውን ጽፈን ለልጆቻችን ብናቆይ መልካም ነው።