ለጀማሪ ፕሮግራመር፦ የስልክንና የኮምፕዩተርን መረጃ ለማመሳሰል ቀላል መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች እንጂ የኮምፕዩተር ባለሙያዎች አይደለንም። ሆኖም በአሽዶድ ልጆቻቸው ማዳኤይ ማህሼቭ የሚማሩላቸው ወላጆች «ልጄ ፕሮግራም ሊጽፍ ነው፣ ምን ልግዛለት?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ነገሩም በራሳችን ሥራ ላይ ስለደረሰ፣ ከባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን እናቀርባለን።

በሰፈራችን አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠይቁ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አሉ። ማን እንደተጠየቀ፣ ማን መድኃኒት እንዳለቀበት፣ ማን ኩፓት ሆሊም ቱር እንዳለው በስልካቸው ይጽፋሉ። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ክበብ ምክላት ውስጥ ስለሆነ ግን እዚያ ስልክ መስመር አያገኝም። ስለዚህ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ጽፎ ማስቀመጥ፣ በኋላም ከቢሮው ኮምፕዩተር ጋር መስማማት አለበት። በዕብራይስጥ ሲንክሩን የሚሉት ይህንን ነው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «እኔ እሠራዋለሁ» ብሎ ተነሣ፤ ሠራውም።

አንድ ቀን አንዲት በጎ ፈቃደኛ፣ አንዲት አሮጊት ቂርያት ጋት ወደ ልጃቸው ቤት መዛወራቸውን ጻፈች። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሌላው ወጣት የራሱን ዝርዝር ላከና የእርሷን ጽሑፍ ደመሰሰው። በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ወጥተው በር ያንኳኩት ልጆች መልስ ሲያጡ፣ አሮጊቷ ወድቀው እንዳይሆን ብለው ደንግጠው ፖሊስ ሊጠሩ ጥቂት ቀራቸው። ልጁ አፈረ። ጥፋቱ የመሣሪያው መስሎት ብዙ ሺህ ሸቀል የሚጠይቅ ኮርስና አዲስ ኮምፕዩተር እንዲገዙለት አባቱን ለመነ። አባትየው ብድር ከመግባታቸው በፊት እኛ ዘንድ መጡ።

ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም። ፕሮግራሙ በተላከ ቁጥር ሙሉውን ዝርዝር በሙሉ ዝርዝር ይተካ ስለነበር፣ መጨረሻ የላከ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ይህ ችግር ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓልም ፓይለት የሚባለው የእጅ ኮምፕዩተር ሲወጣ፣ መቀመጫው ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫን መረጃውን ከትልቁ ኮምፕዩተር ጋር ያስማማ ነበር፤ ስሙም ሆትሲንክ ነበር። ፓልም ዛሬ የለም፤ ዘዴው ግን ለጀማሪ እስካሁን ጥሩ አስተማሪ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ መለያ ቁጥር፣ «ተለውጧል» የሚል ምልክትና «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ነበረው። ሲገናኙ የሚተላለፈው የተለወጠው ብቻ ነው። አንድ መዝገብ በሁለቱም በኩል ተለውጦ ከተገኘ፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች አንዱን ከማጥፋት ይልቅ ሁለቱንም ያስቀምጡና ሰው እንዲወስን ይተዉታል።

«ተሰርዟል» የሚለው ምልክት ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው። አንድ አረጋዊ ቢያርፉና ስማቸው ከአንዱ ስልክ ዝም ብሎ ቢጠፋ፣ ሌላው ስልክ «ይህ ሰው አዲስ ነው» ብሎ መልሶ ያስገባቸዋል። ከዚያ ለቅሶ ላይ ወዳለ ቤት ስልክ ተደውሎ «አባባ እንዴት ናቸው?» ይባላል። ስለዚህ መዝገቡ አይጠፋም፤ ምልክት ይደረግበትና ምልክቱ ራሱ ወደ ሁሉም ስልክ ይተላለፋል።

መለያ ቁጥሩስ ለምን አስፈለገ፣ ስም አይበቃም ወይ? አይበቃም። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሃይ ለእኛ አንዲት ሴት ናት፤ ለኮምፕዩተር ግን ሦስት ሰው ነው። በዕብራይስጥ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በጻዲ፣ ሌላው በቴት ይጀምራል። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ስንመጣ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶናል፣ የልደት ቀናችንም በግምት ተጽፏል። ይህን ከእኛ ልጆች በላይ የሚያውቅ ፕሮግራመር የለም። መፍትሔው ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሰው ራሱ የሚፈጥረው፣ የማይለወጥ ረጅም ቁጥር ነው። የቴውዳት ዜሁት ቁጥር ያስፈልጋል የሚል ካለ እኛ እንቃወማለን። የተማሪ ሙከራ ውስጥ የሰው መታወቂያና የሕመም ዝርዝር አይገባም፤ በእስራኤል ከ1981 ጀምሮ የግል ሕይወትን የሚጠብቅ ሕግ አለ። ለሙከራ የተፈጠሩ ስሞች ይበቃሉ።

ሰዓትም ማታለያ ነው። «የቅርብ ሰዓት ያለው ያሸንፍ» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ2013 የበጋ ሰዓት በሕግ ሲራዘም፣ በአገራችን ብዙ ስልኮች የድሮውን ደንብ ተከትለው በመስከረም ወር ያለጊዜያቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሰው ነበር። ሰዓት ሲመዘገብ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሁን፤ ብቸኛ ዳኛ ግን አይደረግ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የመጀመሪያው እርሳስና ወረቀት ነው። ልጁ ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር ይጻፍ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ይለውጥ፣ ከዚያ በእጁ ያስማማቸው። በወረቀት ላይ ካልወሰነ ኮምፕዩተሩ አይወስንለትም።

ቀጥሎ፣ ኮድ ጽፎ ለማያውቅ፣ አፕ ኢንቬንተር አለ። በ2010 በጉግል ተጀምሮ አሁን በኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደር፣ ነፃ የሆነ፣ ጡቦችን እየገጣጠሙ የስልክ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነው። መረጃን ስልኩ ላይ ማስቀመጥም፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ሰንጠረዥ መላክም ይችላል። ትንሽ ኮድ ለሚያውቅ ደግሞ ፓይተንና ኤስኪውላይት ይበቃሉ። ኤስኪውላይት በ2000 የወጣ የመረጃ ማከማቻ ነው፤ ነፃ ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ መረጃው ሁሉ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። በአንድሮይድም በአይፎንም ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ ስለዚህ ልጁ በቤት ኮምፕዩተር የተማረው ስልክ ላይም ይጠቅመዋል። ፋይሉን ከፍቶ የተለወጠውን በዓይኑ ማየት መቻሉ፣ ለእኛ እንደነገሩን፣ ለጀማሪ ከሁሉ ይበልጣል። ሁሉን በራሱ የሚያመሳስል ዝግጁ አገልግሎትም ሞልቷል፤ ሥራን ያፋጥናል፣ ነገር ግን ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ጀማሪው አያይም።

ይህ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መስመር በሌለበት ቀበሌ የቤተሰቦችን መረጃ በታብሌት መዝግበው፣ መስመር ሲያገኙ ያስተላልፋሉ። ያ ሥራ የሚቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ለታናናሾች ስክራች የሚባለው መማሪያ በዕብራይስጥም በአማርኛም ስለሚከፈት፣ እናት ከልጇ ጎን ተቀምጣ ማንበብ ትችላለች። ከሠራዊት አገልግሎት በኋላ ሙያውን ለሚፈልጉ፣ ቴክ ካሪየር ለቤተ እስራኤል ወጣቶች ትምህርት ይሰጣል፤ የሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅም እዚሁ አሽዶድ ቅርንጫፍ አለው። የሚከፈልበት ኮርስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ውሉ ተነቦ።

አባትየው ብድሩን አልወሰዱም። ልጁ ፕሮግራሙን በኤስኪውላይት እንደገና ጻፈው፤ አሁን ሁለት ሰው የለወጠው መዝገብ በቢጫ ቀለም ሁለት ጊዜ ይታያል። ሐሙስ ማታ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ ቁጭ ብላ ቢጫዎቹን ታነባለች፤ ያልገባትን ለአረጋውያኑ ደውላ ትጠይቃለች።