ከብረት ሳንባ ወደ እጅ ወናፍ

የቀጥቃጭ ወናፍ ብቻውን አይነፋም፤ ከፍቶ የሚዘጋው የሰው ክንድ ነው። ሳንባም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ራሱን የሚለጥጥበት ጡንቻ የለውም። በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድ፣ የጎድን አጥንቶችም ሲነሡ የደረት ውስጥ ይሰፋል፤ ግፊቱ ከውጭው አየር ስለሚያንስ አየር ይገባል። ጡንቻዎቹ ሲላሉ ሳንባው በራሱ የመሰብሰብ ኃይል አየሩን ይመልሳል። እንግሊዛዊው ጆን ማዮው ይህንኑ በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ በውስጡ ፊኛ ባለበት ወናፍ አስመስሎ አስረድቶ ነበር።

እንግዲህ እነዚህን ጡንቻዎች የሚያዙት ነርቮች በልጅነት ልምሻ ሲጎዱ፣ ሳንባው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛው ታፍኖ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1928 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መፍትሔ ካቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ፊሊፕ ድሪንከር በትምህርቱ የኬሚካል መሐንዲስ ነበር። ከሉዊስ ሾው ጋር ሆኖ በሽተኛውን ከአንገቱ በታች የሚይዝ፣ አየር የማያስወጣ የብረት ሣጥን ሠራ። የሣጥኑ ግፊት ዝቅ ከፍ ሲል ደረቱም አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃል። «የብረት ሳንባ» የተባለው ይህ መሣሪያ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ሆኖም ዋጋው ውድ ነበር፤ ከዚህም የከፋው፣ መዋጥ በተሳነው በሽተኛ ጉሮሮ የተጠራቀመው ምራቅና አክታ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባ መሳቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 የልምሻ ወረርሽኝ ኮፐንሃገንን ሲመታ የብሌግዳም ሆስፒታል የነበሩት 1 የብረት ሳንባና ደረትን ብቻ የሚይዙ 6 ትናንሽ መሣሪያዎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት መተንፈስ ወይም መዋጥ ከተሳናቸው 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ኦክሲጂን ይሰጣቸው ስለነበር ከንፈራቸው አልጠቆረም። በላቦራቶሪ ሲመረመር ግን በደማቸው ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድምር ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሞቹ ይህን ደሙ አልካሊ ስለበዛበት የመጣ ነው ብለው ተረጎሙት።

በዋናው ሐኪም በላሰን የተጠራው የማደንዘዣ ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን ግን ነገሩን በሌላ መንገድ አየው፤ በሽተኞቹ የሚሞቱት አየር በበቂ ስለማይለዋወጥላቸው ነው አለ። ስሌቱ ለመሐንዲስ አይከብድም። ጤነኛ ጎልማሳ ዐርፎ ሳለ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይስባል። ከዚህ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ በአየር ቧንቧዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ ደምና አየር ወደሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች የሚደርሰው 350 ያህሉ ነው። ትንፋሹ ወደ 200 ሚሊ ሊትር የወረደበት በሽተኛ እንግዲህ የሚጠቅመውን የሚያገኘው 50 ብቻ፣ ይኸውም ከጤነኛው አንድ ሰባተኛ ነው። የሚገባው አየር ኦክሲጂን ቢታከልበት የኦክሲጂን ጉድለቱ ይሸፈናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ጠርጎ ለማውጣት ግን ብዛት ያለው አየር እንጂ ሌላ መላ የለም። ቆጣሪውን ከመግቢያው ላይ ብቻ ተክሎ መውጫውን የረሳ መሐንዲስ ቢኖር የኮፐንሃገኖቹን ስሕተት ሊፈርድበት አይቸኩልም።

ኦገስት 27 ቀን፣ እጅና እግሯ የሰነፈ የ12 ዓመት ልጅ ቀረበችለት። ከጉሮሮዋ በታች የአየር ቧንቧዋ ተቀዶ የጎማ ቱቦ ገባ፤ ኢብሰንም ቱቦው ጫፍ ላይ የተያያዘውን ከረጢት በእጁ ይጨምቅ ጀመር። አየሩ አልገባም፤ ቧንቧዎቹ ተኮማትረው ነበር። ለማየት የተሰበሰቡት ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው መውጣት ጀመሩ። ኢብሰን ማደንዘዣ ሰጣት፤ የራሷ መፍጨርጨር ሲያቆም ከረጢቱ ደረቷን ያነሣ ጀመር፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ወረደ።

ለሁሉም የሚሆን ማሽን አልነበረም። ስለዚህ 1500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ፤ በፈረቃ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሌት ተቀን ከረጢት ጨመቁ። እጅ ከማሽን የሚሻልበት አንድ ነገርም ነበረው፤ ሳንባው ሲጠነክርና አክታ ሲዘጋው በመዳፍ ይታወቃል። የሟቾቹ ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ቆይቶም ስዊድናዊው ካርል ጉናር ኢንግስትሮም የሠራው፣ የተወሰነ አየር ወደ ውስጥ የሚገፋ ማሽን የተማሪዎቹን እጅ ተካ። ልጅቷ እስከ 1971 ኖራለች።