የምርምር በጀት ዝርዝርና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች

አንድ ተመራማሪ የጥናት ማመልከቻ ሲያቀርብ የሚጠይቀውን ገንዘብ እስከ ምን ድረስ ዘርዝሮ ማሳየት ይገባዋል? ጥያቄው ለሒሳብ ሠራተኞች የሚተው ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሆነውን ስንመረምር ከቅጹ ጀርባ የቆየ የመተማመንና ያለመተማመን ክርክር እናገኛለን። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ የዝርዝሩ መጠን ከምርምሩ ባሕርይ ይልቅ በየጊዜው በተነሣ ክስ ሲወሰን መኖሩንና፣ ዝርዝሩም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወዳልነበረበት ሥፍራ ማነጣጠሩን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1941 በቫኔቫር ቡሽ መሪነት የተቋቋመው የሳይንስ ምርምርና ልማት ቢሮ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲዋዋል መመሪያው ትርፍም ኪሣራም አይኑር የሚል ነበር። ወጪው ከዚያ ጀምሮ በሁለት ተከፍሎ ይታያል። ደመወዝ፣ መሣሪያና ጉዞ ቀጥተኛ ወጪ ይባላሉ። መብራት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕንፃ እርጅናና አስተዳደር ደግሞ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ናቸው። ተመራማሪው የሚዘረዝረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲውና መንግሥት ተደራድረው በሚስማሙበት መቶኛ ይታሰባል። በ1958 የበጀት ቢሮ ያወጣው ኤ-21 የተሰኘው መመሪያ ይህንኑ አሠራር ደነገገ። አንባቢ ይህን ልዩነት ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ ይንጠለጠላልና።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች የነበረው የብሔራዊ የጤና ተቋማት በጀት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን ተጠጋ። ዋና ዳይሬክተሩ ጄምስ ሻነን ቁም ነገሩ ጥሩ ሰውና ጥሩ ሐሳብ መምረጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ በጀት ማስተካከሉ ከምርጫው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሰሜን ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ሎውረንስ ፋውንቴን ግን በዚህ አልተስማሙም። የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ በ1961 እና በ1962 ባወጣቸው ዘገባዎች የገንዘቡ ቁጥጥር ልል መሆኑን ነቀፈ። ተቋማቱም በ1963 ደንባቸውን አጠበቁ። አንዱን ወጪ ወደ ሌላው ለማዛወር አስቀድሞ ማስፈቀድ የሚያስፈልግበት ጉዳይ በዛ፤ ሳይንቲስቶችም አጉረመረሙ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ነበራቸው። ፋውንቴን የሕዝብ ገንዘብ ተጠያቂ ይሁን ማለታቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ገና ያልተሠራ ምርምር ሊወጣ የሚችለውን ወጪ በዝርዝር መተንበይና የወጣውን ገንዘብ መቆጣጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ጎልቶ የታየው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲው የባሕር ኃይል ምርምር ቢሮ ተጠሪ የነበሩት ፖል ቢድል ሒሳቡን ሲመረምሩ ያገኙት፣ በ1991 መጋቢት በጆን ዲንግል ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ለምርምር ማስኬጃ ተብሎ በመንግሥት ላይ ከተመዘገበው ወጪ መካከል የቪክቶሪያ የተባለችው የመዝናኛ ጀልባ እርጅና፣ ለፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የተገዛ አበባና የአልጋ አንሶላ፣ እንዲሁም 1,200 ዶላር የሚያወጣ ጥንታዊ ኮሞዲኖ ይገኙበት ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዶናልድ ኬኔዲ በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። 74 በመቶ የነበረው የዩኒቨርሲቲው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ተመን ወደ 55.5 በመቶ ወረደ። ለመላው አገር ዩኒቨርሲቲዎችም የአስተዳደር ወጪ ከ26 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ብዙ ጩኸት የተሰማበት ጉዳይ በ1994 ሲቋጭ ስታንፎርድ የከፈለው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። ጀልባዋም ሆነች ኮሞዲኖው በየትኛውም ተመራማሪ ማመልከቻ ላይ አልተጻፉም፣ ሊጻፉም አይችሉም ነበር። የኬሚስትሪው መምህር የብልቃጡን ዋጋ በሳንቲም ቢዘረዝር እንኳ አንሶላው አይገኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥበቃው የተጠናከረው ጅቡ ባልገባበት በር ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድም ተሞክሯል። በ1986 በፍሎሪዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ በማያሚ ዩኒቨርሲቲና በአምስት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መካከል በተጀመረ ሙከራ፣ ተመራማሪዎች አስቀድሞ ሳያስፈቅዱ ወጪ ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው እንዲያዛውሩ ተፈቀደ፤ ሙከራውም በኋላ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። በ1999 ደግሞ የጤና ተቋማቱ በዓመት ከ250,000 ዶላር ለማይበልጥ ቀጥተኛ ወጪ ዝርዝር በጀት መጠየቃቸውን ትተው፣ አመልካቹ ገንዘቡን በ25,000 ዶላር ጥቅል እየቆጠረ እንዲጠይቅ ፈቀዱ። ሻነን ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ በከፊል ተፈረደላቸው ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ገንዘብ ሰጪው ዝርዝሩን አልፈልግም ሲል ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በውስጥ ደንባቸው መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ምክንያታቸው መናቅ የለበትም፤ የደመወዙ ድርሻ በትክክል ካልታሰበ ኋላ ኦዲት ሲመጣ ተጠያቂው ዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ በፕሮጀክቱ ላይ ማን ስንት ወር እንደሚሠራ፣ ትልልቅ መሣሪያዎችን፣ ለሌላ ተቋም የሚተላለፈውንም ገንዘብ አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው እንላለን። ከዚያ ያለፈው ግን ልብ ወለድ ነው። በጎንደር አድባራት የብራና መጻሕፍትን ሊያጠና የሚያስብ የታሪክ ምሁር የሚቀጥለውን ዓመት የመኪና ኪራይና የአበል ዋጋ በየቀኑ ለይቶ እንዲጽፍ ቢጠየቅ ቁጥር መፍጠሩ አይቀርም፤ ቁጥሩም አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ እንደ ቃል ኪዳን ይያዝበታል። ሸክሙ ደግሞ እኩል አይከፋፈልም። ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ቅጽ የሚሞላ ሠራተኛ አላቸው፤ ገና የተቀጠረው መምህርና ብቻውን የሚሠራው የሰብአዊ ጥናት ሰው ግን ሌሊቱን ራሱ ይሞላል።

ከፍሎሪዳው ሙከራ የተወለደው ማኅበር በ2005 ባካሄደው መጠይቅ፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ መምህራን ለምርምር ካዋሉት ጊዜ 42 በመቶ ያህሉ በአስተዳደር ሥራ እንደሚያልፍ ተናገሩ። በዚህ ውስጥ ከበጀት ሌላ ብዙ ቅጽ አለ። በ2012 ጥያቄው ሲደገምም መልሱ ያው 42 በመቶ ነበር።