«ሲስተሙ የት ሄደ?»

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና አንድ ባንክ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ ብር ልኮላቸዋል። ገንዘብ ከፋይዋ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ» አለቻቸው። «የት ሄደ ልጄ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ስንት ዓመት ኮምፒውተር አስተምሬ መልሱን ስላልነገርኳቸው አፈርኩ። እስቲ እዚህ ልሞክረው።

በደብተር ዘመን «ሲስተም የለም» የሚባል ነገር አልነበረም። ሂሳባችሁ ያለው በከፈታችሁበት ቅርንጫፍ መዝገብ ላይ ነው፤ በእጃችሁ ያለው ደብተር ቅጂው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታመነው መዝገቡ ነው። ችግሩ፣ ዱራሜ የከፈተ ሰው ሆሳዕና መጥቶ እንደልቡ ማውጣት አይችልም።

በ2000ዎቹ ባንኮቻችን ወደ ኮር ባንኪንግ ገቡ። የየቅርንጫፉ መዝገብ ተሰብስቦ አዲስ አበባ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ። ዱራሜ አስገብቶ ሆሳዕና ማውጣት ተቻለ። ግን ማዕከሉ ሲታመም ቅርንጫፉ ሁሉ አብሮ ይተኛል።

መድኃኒቱ እንደገና ቅጂ ነው። ዋናው ዳታቤዝ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላ ቦታ ወዳለ ተጠባባቂ ይገለበጣል። ሥራም ይካፈላሉ፦ «ሂሳቤ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወደ ቅጂው መሄድ ይችላል፤ ማስገባትና ማውጣት ግን ዋናው ጋ ነው። ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው ይተካል።

ከባዱ ይሄ መተካት ነው። ተጠባባቂው የዋናው ድምፅ ጠፋበት እንበል። ዋናው ሞቶ ነው ወይስ መሃል ላይ መስመር ተቆርጦ? ተሳስቶ «ከእንግዲህ ዋናው እኔ ነኝ» ካለ ሁለት ዋና ይኖራል፤ ያው አንድ ሺህ ብር ሁለት ቦታ ይወጣል። ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ይቆማል። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ማንም አይሾምም። ቅጂው ትንሽ ወደኋላ ከቀረም አሁን የገባው ብር ላይታየው ይችላል።

የተሳሳተ መልስ ዋጋውን አይተናል። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ምክንያቱን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር አያይዞ፣ መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርጎታል። አንዳንዴ «የለም» ማለት ከውሸት ይሻላል።

ግን «የለም» ልማድ ሲሆን ደግሞ ያማል። አዲስ አበባ ሁለት ዳታቤዝ ቢኖር፣ ከእኛ ወደዚያ የሚሄደው መስመር አንድ ብቻ ከሆነና መንገድ ሲቆፈር ከተበጠሰ፣ ቅጂው ለሆሳዕና ምን ይፈይዳል?

በየባንኩ አይቲ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ዋናውን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ ተጠባባቂውን የሞከራችሁት መቼ ነው? ያልተሞከረ ተጠባባቂ እንደሌለ ቁጠሩት። መስኮት ላይ ያላችሁ ደግሞ «ከሰዓት ይመለሱ» ስትሉ፣ እማማ ለትራንስፖርት ከፍለው እንደመጡ አትርሱ።