የረጅሙ ሰንሰለት ነገር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የማወጋችሁ ስለ ገመድ ነው። ወላይታ ሶዶ ገበያ የወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ገመድ ያያል። አንዱ ሻካራና ነጣ ያለ የቃጫ ገመድ ነው። ሌላው ቢጫ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ «ናይለን» እንለዋለን።

የቃጫውን ነገር ለወላይታ ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለሌላው ግን ልንገር። በዳሞታ ተራራ ሥር ባለ ጓሮ አንዲት እናት የእንሰቱን ግንድ ልጣ ጣውላ ላይ ታስደግፍና በቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለስላሳው ወርዶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። እጇ ላይ የሚቀረው ክር ቃጫው ነው። ያ ክር ስንት ዘመን ቤት አስሯል፣ ላም ጎትቷል! ለምን እንደሚጠነክር ግን የዓለም ሊቃውንት እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አልተስማሙበትም ነበር።

ኸርማን ስታውዲንገር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነበር። በ1920 አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጎማውም ስታርቹም ሌላውም እንዲህ ያለ ነገር እልፍ ትናንሽ ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው አለ። ማን ይስማው! ትናንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው ነው እንጂ ይህን ያህል ግዙፍ ሞለኪውል የለም ተባለ። የኖቤል ተሸላሚው ሃይንሪሽ ቪላንድ ሳይቀር ሐሳቡን ተው ብሎ መከረው። በአንድ ጉባኤ ላይ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ፣ አፍሪካ ውስጥ ርዝመቱ 1500 ጫማ የሆነ ዝሆን ተገኘ እንደ ማለት ነው አለ ይባላል።

ስታውዲንገር ግን የፈሳሽን ውፍረት መለካቱን ቀጠለ። ቡላ ገንፎ ያገነፋች ሴት ይህ ይገባታል፤ ጥቂት ዱቄት ብዙ ውሃ ያወፍራል። ስታውዲንገርም የሰንሰለቱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር የሟሟበት ፈሳሽ እንደሚወፍር አሳየ። ባለቤቱ ማግዳ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበረች፤ አብራው ደከመች። ኖቤል ሲሸለም 1953 ነበር፤ 72 ዓመቱ። ያን ሁሉ ተቃውሞ ችሎ ሲከራከር የቆየን ሰው ሳስብ ልቤ ይነካል።

አንዱ ሰንሰለቱ መኖሩን ሲሟገት ሌላው ሊቀጥለው ተነሣ። አሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ ከሃርቫርድ ወጥቶ ዱፖንት ኩባንያ ገባ። በ1930 ረዳቱ ጁሊያን ሂል ከቀለጠ ነገር ላይ በብርጭቆ ዘንግ ክር ጎተተ፤ ክሩ ተለጠጠ እንጂ አልተበጠሰም። ካሮዘርስ በሌለበት ቀን ሂልና ባልደረቦቹ ክሩን ይዘው በኮሪደሩ ሮጡ፤ ሲጎተት ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይበልጥ ይጠነክር ነበር። ናይለን ራሱ ግን በየካቲት 1935 ተገኘ። ካሮዘርስ በ1937፣ በ41 ዓመቱ ሞተ። የናይለን ካልሲ በ1940 አገር ሲያናውጥ አላየም።

የገበያው ቢጫ ገመድስ? አብዛኛውን ጊዜ ናይለን አይደለም፤ በ1954 ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ የሠራው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ውሃ ባልዲ ውስጥ ጣሉት፦ ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል፣ ናይለን ይሰምጣል። ሰንሰለት መቀጠሉ አገራችንም ገብቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰንሰለቶችን፣ ማለትም ፖሊመሮችን፣ ሲሠሩ ቆይተዋል።

አሁን ወደ ጓሮው ልመልሳችሁ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ እዚያ ነው። ቆጮው ስታርች ነው፤ ቃጫው ሴሉሎስ። ሁለቱም ግሉኮስ የተባለ አንድ ዓይነት ስኳር ተቀጣጥሎ የተሠሩ ናቸው። የሚለያቸው እጅ ለእጅ የተያያዙበት መንገድ ነው፦ በአንዱ አያያዝ ምግብ፣ በሌላው ገመድ።

ይህን ሳወራ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ስኳር ከሆኑ ቃጫውን ለምን አንበላውም?» አለኝ። ሆዳችን የቆጮውን አያያዝ ይፈታል፣ የቃጫውን አይፈታም አልኩት። ዝም ብሎ አሰበ። ከዚያ ወደ በረቱ አመለከተኝ። በበጋው ሣር ጠፍቶ የእንሰት ቅጠል የተጣለላት ላም እያመነዠከች ነበር፤ በሆዷ የሚኖሩት ረቂቅ ነፍሳት ያን ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት እየፈቱላት።