ከመሰረዝ አስቀድሞ መገልበጥ

እ.ኤ.አ. በ632 ግድም በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሊቃውንት በወደቁ ጊዜ፣ ዑመር ወደ ኸሊፋው ወደ አቡበክር ቀርበው፣ በሰዎች ልቡናና በተበታተነ ጽሑፍ ያለው ቃል እንዳይጠፋ በአንድነት ይሰብሰብ ሲሉ መከሩ። ዘይድ ኢብን ሣቢት ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከስስ ድንጋይና ቁርኣንን በቃላቸው ከያዙ ሐፊዞች ቃል ለቅመው ያዘጋጁት ጽሑፍም በአቡበክርና በኋላ ኸሊፋ በሆኑት በዑመር እጅ ሰንብቶ ለዑመር ልጅ ለሐፍሷ በአደራ ተላለፈ።

ጅዳን እ.ኤ.አ. በ647 ግድም የመካ ወደብ ያደረጉት ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሠራዊቱ መካከል የአነባበብ ልዩነት መነሣቱን በሰሙ ጊዜ፣ ያን አደራ ከሐፍሷ ተውሰው፣ በዘይድና በሦስት የቁረይሽ ጸሐፍት እጅ አስገልብጠው፣ እናት ጽሑፉን ለባለአደራዋ መልሰው፣ ግልባጮቹን ወደ ታላላቅ ከተሞች ላኩ፤ ከእነዚህም አንዱ ወደ መካ መሄዱ በትውፊት ይነገራል። የቀሩት ጽሑፎች እንዲቃጠሉ የታዘዘው ግልባጩ ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የመጠበቅ ጥበብ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ቆሟልና።

ይህ ቅደም ተከተል በኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ያወጡት፣ ዛሬም በሊኑክስ ላይ ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ የሚገለበጥበት አርሲንክ የተባለ ፕሮግራም፣ «ዲሊት» የሚል ትእዛዝ ሲጨመርበት ከምንጩ የጠፋውን ከግልባጩም ያጠፋል። ማንበብ የተሳነው ፋይል ቢገጥመው ከመሰረዝ ይታቀባል፤ ምንጩ ዲስክ ሳይያያዝ ቀርቶ ባዶ ማህደር ቢያገኝ ግን ባዶነት ስሕተት አይደለምና፣ በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስጀምረው ክሮን በሌሊት የቀሰቀሰው ስክሪፕት የዓመታትን ሀብት ጠርጎ ያድራል። ተቀባዩ ዲስክ ካልተያያዘ ደግሞ ግልባጩ በኮምፒዩተሩ በራሱ ዲስክ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ዲስኩን እንደ አሰካኩ በሚለዋወጥ ስም ሳይሆን በቋሚ መለያ ቁጥሩ ይጥራው፤ ሁለቱም ዲስኮች መያያዛቸውን ይመርምር፤ የቀደመው ሥራ ሳይፈጸም ሌላ እንዳይጀመር ይቆልፍ፤ አንዲት ስሕተት ብትገጥመው ይቁም፤ መሰረዝንም የመጨረሻ ያድርግ።

ይህ ሁሉ ቢደረግም፣ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቤት ከሆኑ አንድ ጎርፍ ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል። በሸለቆ ውስጥ የተቀመጠችው መካ እ.ኤ.አ. በ1941 ካዕባ በውኃ እስኪከበብ ድረስ ተጥለቅልቃለች፤ በጅዳም እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2009 የወረደው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። በጅዳ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የልጆቻችሁን ፎቶና የሰነዶቻችሁን ቅጂ የያዘውን ሁለተኛ ዲስክ ከቤታችሁ አውጥታችሁ፣ በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ዘንድ በአደራ አስቀምጡ።